ሃያ ፓውንድ የሚያወጣ ሐሙስ

ባለቤቴ ሲሪል በሕይወቱ ሁለት ነገር ለውጦ አያውቅም፤ የእግር ኳስ ክለቡንና ገንዘቡን የሚያስቀምጥበትን ቤት። ሚስቱንም አልለወጠም፤ ያ ግን ከታማኝነት ይሁን ከስንፍና እስካሁን አላጣራሁም። ክለቡ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ አይቷል። ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ሆልምዴል የቁጠባ ማኅበር ደግሞ አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። እዚያ የምንሸነፈው እኛ ነን።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ሞታ ቤቷ ሲሸጥ ነው። ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለሂላሪ እኩል ሃያ አንድ ሃያ አንድ ሺህ ፓውንድ ደረሰን። የሂላሪ ባል ትሬቨር የእነሱን ድርሻ የት እንዳስገባው እነግራችኋለሁ፤ እሱ ራሱም ለመንገር ሰው አይመርጥም። የእኛን ግን ሲሪል በመጋቢት ወር፣ በዝናብ፣ ከኮቱ ሥር ቼኩን አቅፎ ሆልምዴል ወሰደው።

የማኅበሩ መስኮት ላይ ሁለት ሽበታም ባልና ሚስት በባዶ እግራቸው አሸዋ ላይ እየሳቁ ሲሮጡ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል። በእኛ ዕድሜ እንዲያ የሚሮጥ ሰው ቢገኝ ሆስፒታል ነው የሚወሰደው። ከሥዕሉ ሥር “ብሩህ ጅማሮ፤ አምስት በመቶ” የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ የዳቦ ያህል ነው። ከዚያ በታች፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣ ከአምስቱ ውስጥ ዘላቂው ሩብ በመቶ ብቻ እንደሆነና የቀረው ለመጀመሪያው ዓመት የሚሰጥ ጭማሪ እንደሆነ ተጽፏል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ስሙን “ብሩህ ጅማሮ” ያሉት ሰዎች በአንድ ነገር አይታሙም፤ ስለ ፍጻሜው ምንም ቃል አልገቡም።

“ዓመቱ ሲሞላ እናነሳዋለን” አልኩት ሲሪልን።

“እናነሳዋለን” አለ።

ያን ገንዘብ የምፈልግበት ነገር አንድ ነበር። ፋይሊ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ላይ በረድፍ ከቆሙት የእንጨት ጎጆዎች አንዷን እፈልግ ነበር። ስፋቷ ከአልጋችን ብዙም አይበልጥም። ውኃ የላትም፣ መብራት የላትም፣ ማደርም በሕግ ክልክል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ጓሮው ሲያቆመው የአካፋ ማስቀመጫ ይባላል፤ ባሕር ዳር ሲቆም ሃያ ስድስት ሺህ ፓውንድ ይባላል። ዕብደት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለሰው ልጆች ድንች ስፈጭ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ወደ ባሕሩ የሚከፈት የራሴ በር ይኑረኝ፣ ሻይ አፍልቼ ደጃፉ ላይ ልቀመጥ፣ ማንም ሳህን ይዞ ፊቴ አይሰለፍ ብዬ ተመኘሁ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖሮ ጎጆ ያልወጣ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ጎጆዋ ደግሞ ባለቤት ነበራት። እትዬ ኦድሪ ወጥ ቤት አለቃዬ ነበሩ፤ ጎጆዋን ከሟች ባላቸው ነው ያገኟት። “ለባዕድ በሃያ ስድስት፣ ላንቺ በሃያ ሦስት” ብለው ቃል ገብተውልኛል። “ጉልበቴ እስኪከዳኝ ግን ትንሽ ልቀመጥባት።” እኔም በፖስታ ጀርባ ላይ አሰላሁት። ሃያ አንድ ሺህ፣ በአምስት በመቶ፣ ሁለት ዓመት፤ ሃያ ሦስት ሺህን አልፎ ለሻይ ማፍያ ይተርፋል። ትርፏን ጨምሬ አሰላሁ፤ ሞኝ ሲያሰላ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ሺህ ሃምሳ ፓውንድ ወለድ ገባ። ሲሪል የቁጠባ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ እኔም እንደ ሕፃን ልጅ ፎቶ አየሁት። ከዚያ በሁለተኛው መጋቢት ደብዳቤው መጣ። “ውድ ደንበኛችን፤ በሒሳብዎ ላይ ስለሚደረግ ለውጥ ልናሳውቅዎ እንወዳለን። በእርስዎ በኩል ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም።” እኔ ይህን ዓለም እንደማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት “ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም” ካለ ያኔ ነው ኪስን ጨብጦ መሮጥ። ሲሪል ግን አርባ ዓመት አውቶብስ የነዳ፣ ምልክት ያከበረ ሰው ነው። ምንም አታድርግ ከተባለ ምንም አያደርግም።

“ሲሪል፣ ዓመቱ ሞልቷል።”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ አታነሳውም?”

“ሐሙስ እሄዳለሁ።”

ሐሙስማ ይሄዳል። ሲሪል ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ያለ ሐሙስ ኖሮ አያውቅም። ጢሙን ይላጫል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ በአራት ሰዓት ተኩሉ አውቶብስ ከተማ ይወርዳል፤ ደብተሩ ላይ አዲስ ሒሳብ ለማስመታት ነው ይላል። ወለድ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እሱ ግን በየሳምንቱ ያስመታዋል፤ በየሳምንቱም ምንም የለም፤ በየሳምንቱም ደስ ብሎት ይመለሳል። ምክንያቱ በመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠች ኪርስቲ የምትባል ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጓሮው ስለሚያበቅለው ቲማቲም ትጠይቀዋለች።

“ደግሞ መጥፎ ነገር አታስቢ” ይለኛል።

“ኧረ አላሰብኩም” እለዋለሁ። “ስለ ቲማቲም ካንተ ጋር የምታወራ ሴት ከተገኘች እኔም ግማሹን ደመወዟን ልክፈል።”

እየከፈልኩ መሆኔን ያኔ አላወቅሁም። ያን ሐሙስ ሊያነሳው ሄዶ ሳያነሳው ተመለሰ። ለምን ስለው ኪርስቲ ውሻዋ ታሞባት አዝና ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን “ሒሳቤን ዝጊልኝ” ማለት ነውር ነው አለኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ውሻው ተሽሎት ነበርና ደስታዋን ማበላሸት አልፈለገም። በሦስተኛው ሐሙስ አንድ የሱፍ ሹራብ የለበሰች አሮጊት ከኋላው ተሰልፋ ነበር፤ ሰው እየጠበቀ ሒሳብ ማዘጋት ረጅም ጉዳይ ነው፣ አሮጊቷን ማቆም አግባብ አይደለም። ሲሪል በይሉኝታ የተሠራ ሰው ነው። ሌላው ሰው አጥንትና ሥጋ አለው፤ እሱ ይሉኝታና ኮት ነው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ሆልምዴል ብሩን እንኳ ዘሎት ከወርቅ በቀጥታ መዳብ ገባ። በአምስት በመቶ ጊዜ በዓመት ሺህ ሃምሳ ያገኘ ገንዘብ በሩብ በመቶ ሃምሳ አምስት ፓውንድ ያገኛል። ልዩነቱን ለሐሙሶቹ አካፈልኩት። ኪርስቲ “ቲማቲሙ እንዴት ነው?” ባለችው ቁጥር ሃያ ፓውንድ ያህል እየከፈልን ነው። ቲማቲሙ ራሱ ከገበያ በሁለት ፓውንድ ይገኛል።

አሁን ወደ ትሬቨር ልምጣ። ትሬቨር የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነበር፤ ጡረታ ቢወጣም መገመቱን አላቆመም፤ ቤታችን ሲገባ መጋረጃውን ሳይቀር ይገምታል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እኔና ሂላሪ በየተራ ጥብስ እናበላለን። በግንቦት ተራው የኔ ነበር። የበሬው ጥብስ ገና ሳይቆረስ ትሬቨር ጀመረ።

“የናንተ ብር አሁንም እዚያው ነው እንዴ?” አለ።

“ድንች ውሰድ፣ ትሬቨር” አለ ሲሪል።

“እኔ እኮ የኛን ከዚያው ከሆልምዴል ጭማሪው ባለቀ በነጋታው ነው ያዘዋወርኩት። አሁን አምስት ከሩብ ላይ ነኝ። እሱም በመጪው የካቲት ሲያልቅ ሌላ ቦታ አይቼለታለሁ። ገንዘብ እንደ በግ ነው፤ ሣሩ ሲያልቅ ታነሳዋለህ።”

“መረቅስ?” አለ ሲሪል፤ ጆሮው ቀልቷል።

“አንተ ስንት ላይ ነህ አሁን?”

እኛ ዘንድ ሰው የሆዱን ቀዶ ጥገና ስፌት በማዕድ ላይ ገልጦ ያሳያል፤ ማንም ቅር አይለውም። የገንዘቡን ልክ ግን አይጠየቅም። ሲሪል ሹካውን አስቀመጠና “ተመችቶናል” አለ።

“ሩብ ላይ ነን” አልኩ እኔ።

ሂላሪ ወደ ሳህኗ አየች። ትሬቨር ሳቀ፤ ያንን ሳቁን አልወደውም፤ የወደቀ ጣራ ሲገምት የሚስቀው ዓይነት ነው። “ሲሪል ወንድሜ፣ እነሱ እኮ የሚኖሩት ባንተ ዓይነቱ ነው። አንተ ስለማትነቃነቅ ነው ለኔ አምስት የሚሰጡኝ። ልመርቅህ ይገባል።”

“ዝም አይነቅዝም” አለ ሲሪል በዝግታ።

“ምላስ ነው የማይነቅዘው” አልኩት። “ገንዘብ ዝም ሲል ይነቅዛል።” ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ አወራን። አየሩ እንደ ሁልጊዜው ዝናብ ነበር።

በሰኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ሒሳቡ በሁለታችንም ስም ነው፤ የአንዳችን ፊርማ ይበቃል። ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁና ሲሪል ዕቃ ቤት ውስጥ ሳለ ብቻዬን ከተማ ወረድኩ። በአውቶብሱ ላይ የምለውን ተለማመድኩ። “ገንዘባችንን በሙሉ አውጪልኝ።” ሦስት ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት የወጥ ቤት ጭልፋ ይዛ ስንት ወጠጤ ጸጥ ያሰኘች ሴት ሦስት ቃል አያቅታትም።

ውስጥ ከእኔና ከአንድ የላስቲክ አበባ በቀር ማንም አልነበረም። ኪርስቲ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ቆንጆ ነገር አይደለችም፤ አፍንጫዋ ከጉንፋን ቀልቷል። ያ ባሰብኝ።

“እንኳን ደህና መጡ፣ ማዘር። ምን ልርዳዎት?”

“ይቅርታ” አልኩ። “ሥራ በዝቶብሽ ከሆነ በኋላ እመለሳለሁ።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ለላስቲኩ አበባ ወረፋ ልለቅ ነበር።

“ኧረ ምንም የለኝም። ውይ፣ እርስዎ የጋሽ ሲሪል ባለቤት ነዎት አይደል? እትዬ ግሌኒስ! በፎቶ አውቄዎታለሁ። ጎጆዋስ? እሳቸው እኮ ሌላ ወሬ የላቸውም። መጋረጃዋን ቢጫ ሊያደርጉላት ነው አሉ፤ እርስዎ ቢጫ ስለሚወዱ። ለሻይ ማፍያው መደርደሪያ ሊሠሩም እንጨት ገዝተዋል፤ ወይኔ፣ ድብቅ ነበር መሰለኝ።”

ሲሪል ለእኔ ስለ መጋረጃ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ስለ ጎጆዋ ባነሳሁ ቁጥር “እም” ብሎ ጋዜጣውን ነው የሚገልጠው። እየሰማኝ እንደነበር ከመስኮት ወዲያ ካለች ልጅ ሰማሁ። ደብተሩን ሰጠኋት፤ አስመታችው፤ ምንም የለም፤ መለሰችልኝ።

“ሌላስ የምረዳዎት ነገር አለ?” አለች።

“የለም፣ አመሰግናለሁ።”

ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። “እርግጠኛ ነዎት? ሌላ ምንም?”

“ምንም። ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ” ብዬ ወጣሁ። በቦርሳዬ ውስጥ ለታመሙ ሕፃናት የሚሸጥ የሁለት ፓውንድ ዕጣ ነበር፤ መቼ እንደገዛሁት አላስታውስም። ለሲሪል አልነገርኩትም። እሱን ስሰድብ የከረምኩበትን ነገር እኔም ሠርቼው ስለ መጣሁ ከዚያ ቀን ወዲህ ስድቡን ትንሽ ቀነስኩ። ትንሽ ነው ያልኩት።

ክረምት መጣ። በታኅሣሥ የቤት ማሞቂያው ፈነዳ፤ ለገና ያስቀመጥነውን ሁሉ በላው። በየካቲት መጨረሻ እትዬ ኦድሪ ደወሉ።

“ግሌኒስ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ መጦሪያ ቤት አግኝቶልኛል። ጎጆዋን እስከ መጋቢት መጨረሻ መልቀቅ አለብኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ ሃያ ሦስት። ከዚያ በታች ግን ልጄ አይሰማኝም፤ አሁንም እያጉረመረመ ነው።”

“እሺ እትዬ። አመጣለሁ” አልኩ።

ከየት? ደብተሩን አወጣን። የመጋቢቱን ወለድ ደምረንበት ሃያ ሁለት ሺህ ከመቶ አምስት ፓውንድ። ዘጠኝ መቶ ያህል ይጎድላል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አየነው። እኔ ማለት የነበረብኝን ዓመቱን ሙሉ ብዬ ጨርሻለሁ። ሲሪል ደብተሩን ደጋግሞ ገለጠው፤ ከገጾቹ መሃል ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ተጣብቆ እንደሆነ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለ በመጨረሻ። “ትሬቨርን እጠይቀዋለሁ።”

ይህ ሰው ለትሬቨር “ጨው አቀብለኝ” ማለት የሚከብደው ሰው ነው። ለእኔ ብሎ ብድር ሊጠይቅ ነው። በዚያች ሰዓት ወደድኩት፤ እውነቴን ነው። ኮቱን ለበሰ፣ ጢሙን ተላጨ፣ በሁለት አውቶብስ ሄደ። ማታ ተመለሰ። ሻይ ሰጠሁት።

“ጠየቅከው?”

“ነገሩን አነሳሁለት።”

“ማንሳትና መጠየቅ አንድ ነው?”

“በጨዋ ደንብ ነገርኩት።”

“ምን ብለህ? ቃል በቃል ንገረኝ።”

ሻዩን አማሰለ። “‘እትዬ ኦድሪ ጎጆዋን በሃያ ሦስት ሺህ እየሸጡ ነው፤ ገበያው ሃያ ስድስት ነው’ አልኩት። ‘ትንሽ የጎደለው ሰው ቢኖር፣ ትንሽ የተረፈው ሰው ደግሞ ቢኖር፣ ነገሩ ለሁሉም መልካም ይሆን ነበር’ አልኩት።”

“የጎደለው ሰው አንተ መሆንህን ነገርከው?”

“ይገባዋል ብዬ ነው።”

“እሱስ ምን አለ?”

“ተነስቶ ጨበጠኝ። ‘ሲሪል፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ አልረሳውም’ አለኝ። መቼም ይህ እሺ ማለት ነው።”

ኩባያዬን አስቀመጥኩ። ስልኩን አነሳሁ፤ ወደ እትዬ ኦድሪ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል። በማግሥቱ ጠዋት ያነሳው ልጃቸው ነበር። አንድ አቶ ትሬቨር የሚባል ሰው፣ “የግሌኒስ ቤተሰብ ነኝ” ብሎ፣ ሃያ አራት ሺህ ማታውኑ ልኮለታል። እናቱ እያለቀሱ እንደሆነና እሱ ግን ምንም ሊያደርግ እንደማይችል በጣም በትሕትና ነገረኝ። እኔም አመሰገንኩት። ምን ላድርግ፣ ያደግሁት እዚህ ነው።

የትሬቨር ሃያ አንድ ሺህም ከእናቴ ቤት የመጣ መሆኑን አትርሱ። አንድ ቤት፣ ሁለት እኩል ድርሻ። የእሱ ከሣር ሣር እየተዛወረ ሰብቶ፣ ከኪሱም ትንሽ ታክሎበት፣ የኔን ጎጆ ገዛ፤ የኛ እንደታሰረ ቀረ። ሂላሪ ደውላ “እናንተ የማትፈልጓት መስሎት ነው እኮ” አለችኝ። እኅቴ ናት፣ አልተሳደብኩም። ስልኩን ዘግቼ ግን ለግድግዳው ብዙ ነገር ነገርኩት።

ያን ሐሙስ ሲሪል ሒሳቡን ዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በቀኑ መሃል ቼኩን በፖስታ ይዞ ተመለሰ፤ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ኪርስቲ ተቀየመች?” አልኩት።

“‘እሰይ’ አለችኝ።”

“ምን?”

“‘እሰይ፣ ጋሽ ሲሪል፣ በስንት ጊዜዎ’ አለችኝ። የራሷን ገንዘብ ጭማሪው ባለቀ ቀን ነው ያወጣችው። ለደንበኛ ‘አውጣ’ ብለው መንገር አይፈቀድላቸውም፤ ከሥራ ያስወጣል። ‘ለዚህ እኮ ነው ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ እያልኩ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጊዜ የምጠይቅዎት’ አለችኝ። ‘እርስዎ ግን ሁልጊዜ የለም፣ የኔ ልጅ ይላሉ።’”

እኔንም ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ልጅቷ በደንቧ ውስጥ ሆና እየጮኸችልን ነበር፤ እኛ በደንባችን ውስጥ ሆነን እያመሰገንናት ወጣን። ሦስት ጨዋ ሰዎች ተሰብስበን ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ገደልን።

በግንቦት ትሬቨርና ሂላሪ ጎጆዋን ሲያስመርቁ ጠሩን። አለመሄድ ተቀየመ ያሰኛል፤ ስለዚህ ሄድን። ሂላሪ ግራጫ መጋረጃ ሰቅላለች። ከደጃፉ አራት ታጣፊ ወንበር ተዘርግቷል፤ ባሕሩ ከፊታችን ነው፤ ሻዩ ፈልቷል። ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ነበር፤ እኔ እንግዳ ከመሆኔ በቀር። ኩባያዬን ይዤ ደፏ ላይ ተቀመጥኩና እንጨቱን በእጄ ዳበስኩት፤ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ሲሪል አይቶኛል።

ትሬቨር እግሩን ዘረጋ። “ከሰኔ ጀምሮ ላከራያት ነው” አለ። “በሳምንት መቶ ሃምሳ። አሁን ሦስት ሰው ይዟታል። እናንተ ግን ቤተሰብ ናችሁ፤ መረጃውም ያንተ ነው፣ ሲሪል፤ እኔ ውለታ አልረሳም። ለናንተ ለመጀመሪያው ዓመት በሃምሳ ፓውንድ፤ የፈለጋችሁትን ሳምንት ምረጡ።”

ሃምሳ ፓውንድ። የበጋ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት እንኳ ይቻለናል። በሩን ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምዘጋው እኔ። ኩራቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አፌ እሺ ለማለት ተከፍቷል።

“ከዓመቱ በኋላስ?” አለ ሲሪል።

ትሬቨር ዞር አለ። “ምን?”

“ለመጀመሪያው ዓመት ሃምሳ ነው። ከዓመቱ በኋላ ስንት ነው?”

“ያኔማ እንደ ገበያው ነዋ። ምን ቸገረህ፣ ያኔ እናየዋለን።”

ሲሪል ሻዩን አሸዋው ላይ ደፋው። ኩባያውን ለሂላሪ መለሰላት፣ ወንበሩን አጠፈ፣ ከግድግዳው ጋር በሥርዓት አስደገፈው።

“አይ” አለ። “አንፈልግም።”

ይቅርታ አላለም። አመሰግናለሁ አላለም። ስለ ጉልበቱ ወይም ስለ አውቶብሱ ሰዓት ምንም ምክንያት አልጨመረም። ሂላሪ ኩባያውን እንደያዘች ቀረች፤ እኔም ቦርሳዬን አነሳሁና ተከተልኩት፤ ምክንያቱም አውቶብስ ነጂ ሲነሳ ተሳፋሪ ይነሳል።

መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን። አንድ የተጠበሰ ዓሣ ከነድንቹ ገዝተን አውቶብስ መጠበቂያው ውስጥ ተቀመጥን። ባሕሩ ከዚያም ይታያል፤ ትንሽ ነው፣ በሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል።

“እሺ ልለው ነበር” አልኩት።

“አውቃለሁ።”

“ሃምሳ ፓውንድ ነበር፣ ሲሪል።”

“አውቃለሁ፣ ግሌኒስ።”

አለቀስኩ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰው አፍ “አይ” ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ያለው እኔ በዓለም ላይ በምፈልጋት አንድ ነገር ላይ ነው። በጥፊ ልለው ፈለግሁ፤ ልስመውም ፈለግሁ። እጄ ቅባት ስለነበር ሁለቱንም ተውኩ። ዓሣውን ለሁለት ከፈልኩና ትልቁን ለእሱ ሰጠሁት።